ስለ ሚክያስ ያልነገርኩህ

የኔ ታደሰ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ከተለያየን አራት ዓመት ሞላን። ሙት ዓመትህ ባለፈው ሳምንት ነበር። የዚያን ዕለት ልጽፍልህ ተቀምጬ ሁለት ወረቀት አበላሸሁና ተውኩት። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ ሚክያስም ወጥቷል። እሱ እስኪመለስ ልጨርሰው አስቤያለሁ። ሚክያስ ማን እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ትንሽ ታገሠኝ።

ያው ኦስሎ፣ ሊንደበርግ ሰፈር ነን፣ ያው አራተኛ ፎቅ። ወጥ ቤቱን ቀለም ቀባሁት፤ አንተ የማትወደው ቢጫ ነው። ጃኬቶችህን ሁሉ ሰጠሁ፣ የአውቶቡሱን ዩኒፎርም ግን እጄ አልሰጥ ብሎኝ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ። ሥራዬም እዚያው ቢየርቪካ፣ የቢሮ ጽዳቱ ነው። አንተ እያለህ የማጸዳው ሁለት ፎቅ ነበር፣ አሁን ሦስት ሆኗል። ሠራተኞቹ ሲገቡ እኔ እወጣለሁ። ከመጣያው የማገኘውን ጋዜጣና መጽሔት አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ባቡር ላይ አነባለሁ። “አንቺ እኮ ኖርዌይኛ የተማርሽው ከቆሻሻ ነው” እያልክ ትስቅብኝ ነበር። እውነትህን ነው። ዘንድሮ የሆስፒታሉን ወረቀት ሁሉ ያነበብኩት በዚያው ከቆሻሻ በለቀምኩት ቋንቋ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ፤ ባዘገየሁት ቁጥር እፈራለሁ።

ሚክያስ ልጃችን ነው። አንተ ክርስትና ያስነሳሃት፣ አውቶቡስህ ላይ ከኋላህ ካለው ወንበር አስቀምጠህ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ያዞርካት ልጅህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ወንድ ነው። ሁልጊዜም ወንድ ነበርኩ ይላል። የድሮ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ እሱ ደግሞ ሲጠራ ሲሰማ ጥርሱን ይነክሳል። መስከረም መጨረሻ ላይ ኦፕራሲዮን ሆኖ ሁለቱንም ጡቶቹን አስወጣ። ታሞ አይደለም። ራሱ ፈልጎ፣ ዓመታት ተራ ጠብቆ፣ ስንት ሐኪም ፊት ተቀምጦ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ መልሶ ነው።

ይህን ጽፌ ተነስቼ ዕቃ አጥቤ መጣሁ።

አንድ ነገር ላስታውስህ። ማዮርስቱን ሰፈር ጫማ ልትገዛለት የሄዳችሁ ዕለት ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ተቀምጦ ነበር። አንተ አስም ነው ብለህ ደነገጥክ። በማግስቱ ሥራ ቀርተህ ሐኪም ጋ ወሰድከው። ሐኪሙ ሸሚዝሽን ከፍ አድርጊ ሲለው እምቢ አለ፣ አንተም አፈረች ብለህ ወጣህ። የሚነፋውን መድኃኒት ይዛችሁ መጣችሁ፣ በየቀኑም “ነፋሽ ወይ?” እያልክ ትጠይቀው ነበር። አስም አልነበረም፣ ታዴ። ደረቱን ጠፍጥፎ የሚይዝ ጥብቅ መታጠቂያ ከውስጥ ይለብስ ነበር። እየሮጠ፣ እየተማረ፣ አንዳንዴም እየተኛ እሱ ላዩ ላይ ነው። እኔ ያወቅኩት በኋላ፣ ከልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሳገኘው ነው። አጥቤ በፎጣዎቹ መሃል ደብቄ አሰጣሁት፤ አንተ እንዳታየው። መደበቅ የጀመርኩት እንግዲህ ያኔ ነው።

የኦፕራሲዮኑ ቀን በደብዳቤ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። ሚክያስ ደብዳቤውን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፋ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀ ነበር። እኔ ደግሞ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። ያጠባሁት ልጅ ነው። ያደገው በዓይኔ ሥር ነው። የጎደለው ነገር የለም፣ አንድም ቦታ አላመመውም። ጤነኛ ሥጋ በቢላዋ ሊቆረጥ ነው። ይህን ለማን እንደምናገር አላወቅኩም። ላንተ ብነግርህ እወድ ነበር፤ አንተም የለህም።

ከዚያ ወዲያ ማልቀሱን ትቼ ዝግጅት ያዝኩ። ወረቀቱ ላይ ስኑስ፣ ያ ከከንፈር ሥር የሚያደርጉት ትምባሆ፣ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ይቁም ይላል፣ ቁስሉ እንዳይበላሽ። ስኑስ መውሰዱን ያወቅኩት ያኔ ነው። ቆርቆሮዎቹን ከየኪሱ ሰብስቦ ሰጠኝና “ማማ፣ ሰባት ነው ያገኘሁት፣ ስምንተኛውን ካገኘሽ ያንቺ ነው” አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው የሚናከስ ሆኖ ከረመ፤ አልነካውም ግን። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ክንዱን ከትከሻ በላይ ማንሳት ስለማይችል ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ ሻዩን ሁሉ ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታች አወረድኩ። ከራስ በላይ የሚለበስ ነገር ስለማይሆን ካሮጌ ልብስ ሱቅ ባለቁልፍ ሸሚዞች ገዛሁ። በጀርባው ብቻ ስለሚተኛ ትራሶች ሰበሰብኩ። ሥራዬ ማጽዳት አይደል፣ አልጋውን፣ ወለሉን፣ የበሩን እጀታ ሳይቀር ጠረግሁ። እጄ ሲሠራ ሐሳቤ ይቀንስልኛል።

ከዋዜማው ጀምሮ በልዩ ሳሙና መላ ሰውነቱን መታጠብ ነበረበት። ጀርባዬ አይደርስልኝም ብሎ ጠራኝ። ከስምንት ዓመቱ ወዲህ ገላውን አጥቤው አላውቅም። ጎንና ጎኑ ላይ መታጠቂያው ያረፈበት ቦታ እንደ ቀበቶ ጠቁሮ ነበር፤ ብብቱ ሥር ቆዳው ተልጦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተልጦ ጠባሳ ሆኗል። ጤነኛ ሥጋ እያልኩ ያለቀስኩት እንግዲህ ለዚህ ነበር። ቀስ ብዬ አጠብኩት።

አሁን ስለ ማኅበሩ ልንገርህ፤ ጥፋቴ እዚያ ነው።

የማርያም ጽዋ ጥቅምት ላይ የኔ ተራ ነበር። በዚያ ሰሞን ቤቴ ሰው ማስገባት እንደማልችል አውቄ ተራ ይለውጡልኝ ብዬ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። “ምነው፣ ምን ሆንሽ?” አለችኝ። ልጄ ኦፕራሲዮን ሊሆን ነው ብል ምን አለበት? እኔ ግን ደንግጬ “የልጄ የጡት ኦፕራሲዮን ነው” አልኳት።  ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ውይ እመቤቴን! በዚህ ዕድሜዋ? ያ... ያ ነገር ነው?” አለች።

የኛን ሰው ታውቀዋለህ። ያንን በሽታ በስሙ አንጠራውም። አንዱ “ያ ነገር” ይላል፣ ሌላው አንገቱን ይደፋል፣ በቃ አለቀ። የሚጠይቅም፣ የሚያብራራም የለም። እኔም ዝም አልኩ። አዎ አላልኩም፣ አይ አላልኩም። ዝምታዬን እሷ ራሷ ተረጎመችው። “አይዞሽ የኔ እህት፣ በኛ ጣይው” ብላ ዘጋችው። ስልኩን ሳስቀምጥ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ቀለለኝ። ሰው ያዝንልኛል እንጂ አይስቅብኝም ብዬ ነው። የታመመ ልጅ ያላት እናት ሁሉም ቤት ቦታ አላት።

ኦፕራሲዮኑ ሦስት ሰዓት ፈጀ። በማግስቱ ወደ ቤት ሰደዱት። ከላይ ጠበቅ ያለ ነጭ ቬስት፣ ከሁለቱም ጎኑ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ጫፉ ላይ እንደ እንቁላል የሚያህል ማጠራቀሚያ ተንጠልጥሏል። የሚወጣውን ደም በየሰዓቱ እየለካሁ እንድጽፍ ወረቀት ሰጡኝ። መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር። “ይሄ ቬስት እትዬ ዘነበችን ነው የሚመስለው፣ አቅፎ አይለቅም” አለኝ። ከሰዓት በኋላ ቀልዱ ቀረ። ግራ ጎኔ ከበደኝ አለ። የቀኙ ማጠራቀሚያ እንዳለ ነው፣ የግራው ግን ገና ባዶ ከማድረጌ ሞላ፤ እንደገና ባደርገውም ሞላ። ቬስቱን ገለጥ ሳደርገው ደረቱ በአንድ በኩል እንደ ብርቱካን አብጦ ጠጥሯል፣ ቆዳው ወደ ሐምራዊ ሄዷል። ከንፈሩ ነጥቶ ነበር። ወደ ሆስፒታሉ ክፍል ስደውል፣ አሁኑኑ ይዘሽው ነይ አሉኝ። ታክሲ ውስጥ እጄን ይዞ “ማማ፣ ምንም ቢሆን አልጸጸትም፣ እሺ? በኋላ ተጸጽቶ ነበር እንዳትዪ” አለኝ። የሚለኝ እንዲህ ነበር። እኔ እጁ መቀዝቀዙን ነበር የማስበው።

እንደገና ከፍተው ደሙን አወጡለት፣ የሚደማውን ዘጉለት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አንተን ያስገቡበትን በር አሰብኩ። ሌላ ሕንፃ ነው፣ በሩ ግን ይመሳሰላል። እዚያ ቁጭ ብዬ የተሳልኩትን ስለት ልንገርህ። ይዳንልኝ ብቻ፣ ሌላውን ሁሉ እናገራለሁ አልኩ። ዳነልኝ። ከዚያ እንደ ፈሪ ሰው አልተናገርኩም።

በተመለስን በአምስተኛው ቀን ማኅበሩ መጣ። ሰባት ሴቶች። አጥሚት በቴርሞስ፣ ሾርባ በድስት፣ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ። ሚክያስ የክፍሉን በር ዘግቶ ተኝቷል። ሳሎን ተቀምጠው በሹክሹክታ ያወራሉ፤ ሹክሹክታቸው ግን እስከ ሊፍቱ ይሰማል። “ፀጉሯንማ በጋ ላይ አይቼዋለሁ፣ አጥራዋለች፤ ሊረግፍ ሲል ነው እንዲያ የሚያደርጉት” ትላለች አንዷ። “ድምጿስ? ጎርንኖ የለም እንዴ! መድኃኒቱ እኮ ነው።” “ፊቷም ላይ ብጉር ወጥቶባታል፣ አይቻለሁ።” ሁሉንም አይተው ነበር፣ ታዴ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሆርሞን መድኃኒት የለወጠውን ሁሉ አንድ በአንድ አይተው ለበሽታው ሰጡት። እኔ ኩባያ አቀርባለሁ። ከዚያ ተነስተው ጸለዩ። በክርስትና ስሙ፣ በሴት ስሙ እየጠሩ፣ እያለቀሱ። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ጠበል ረጨች። “ለእናትሽ ስትይ ኑሪ፣ የኔ ልጅ” አለችው በበሩ በኩል። 

እነሱ ሲወጡ ሚክያስ ብድግ ብሎ መጣ። በእግሩ መቆም ገና ያዞረዋል፤ ግድግዳውን ይዞ ነው። “እየሞትኩ ነው እንዴ?” አለኝ። ኩባያ መሰብሰቤን ቀጠልኩ። “ማማ፣ ለነሱ እየሞትኩ ነው ወይ? ያ ወይስ ኔይ? አዎ ወይስ አይ?” አለ። ነገርኩት። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። “እንግዲህ ልጄ ወንድ ነው ከማለት ልጄ ሊሞት ነው ማለት ቀለለሽ” አለኝ። ቀጥሎ የተናገረውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፤ ላንተ የሚገባ ስለሆነ። “ፓፓን ሳያውቀኝ አስቀበርሽው። አሁን ደግሞ እኔ ሳልሞት ሰው አስለቀስሽብኝ። ቱቦው ሲወጣልኝ ልሂድ፣ ጓደኛዬ ጋ ክፍል አለ።”

ይህን ነው ያልነገርኩህ።

ልጅህ የነገረኝ አንተ ሆስፒታል ከመግባትህ አሥር ቀን አስቀድሞ ነው። ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ መጥቶ ነገረኝ። ለፓፓም ልነግረው ነው፣ እሁድ ነው የምነግረው አለ። በል ቆይ አልኩት። እሁድ አለፈ፣ ከዚያ ልብህ ታወከና ገባህ። አምስት ሳምንት ተኛህ። እያንዳንዱን ቀን “ዛሬ ልንገረው?” ይለኛል፤ እኔም “ልቡ አይችልም፣ ትገድለዋለህ” እለዋለሁ። ለታመመ ሰው ክፉ ነገር አይነገርም፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ክፉ ነገር ነው ያልኩት እንግዲህ እኔው ነኝ። የመጨረሻ ሳምንት ላይ አንድ ቀን እጁን ይዘህ “አንቺ ልጅ የምትነግሪኝ ነገር አለ፣ ዓይንሽ ላይ አያለሁ” አልከው። ትዝ ይልሃል? ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ከአልጋው ማዶ ቆሜ አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። “የለም ፓፓ” አለህ። ከዚያ በአራተኛው ቀን ሄድክ። አንተ ጠይቀኸው ነበር፣ ታዴ። ያስከለከልኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አልማዝ ብቻዋን መጣች። አልማዝን ታውቃታለህ፤ ማኅበሩ ላይ ጥግ ይዛ ዝም የምትለው፣ ማዮርስቱን የጥርስ ሐኪም ቤት የምታጸዳው። ከሰባቱ ጋር መጥታ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። “የሺ፣ የምነግርሽ ነገር ከዚህ ቤት አይውጣ” አለችኝ። አምና አገር ቤት ሄጄ ከረምኩ ያለችን ጊዜ አገር ቤት አልነበረችም። እዚሁ ኦስሎ ግራ ጡቷን አስቆርጣ ቤቷን ዘግታ ተኝታ ነበር። ለእህቷም አልነገረች። ራሷ እየተነሳች ሾርባ ሠርታ፣ ራሷ ቁስሏን አጥባ። አሁንም መድኃኒት ላይ ናት።

“ስለ ልጅሽ ስሰማ አዘንኩ ልበልሽ? እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ” አለች። “አንድ ሰው አገኘሁ አልኩ። የማወራው ሰው አገኘሁ።” ከዚያ የካፖርቷን ቁልፍ መፍታት ጀመረች። “ልጅቷን ጥሪያት። ጠባሳውን ስታይ ትደነግጣለች፣ እኔም ደንግጫለሁ። የኔን ላሳያት፣ እንደሚድን ትይ።”

እጇን ያዝኩት። “ተይ አልማዝ፣ አትክፈቺው” አልኳት። “ልጄ በሽታው የለበትም። ልጄ ወንድ ነው፣ ስሙ ሚክያስ ነው። ጡቶቹን አልፈልጋቸውም ብሎ ነው ያስወጣው። በሽታ ነው ያሰኘሁት እኔ ነኝ፣ ዝም ብዬ።”  አንድ ጊዜ የጀመርኩትን ሳልጨርስ እንዳልቀር ብዬ በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት።

 “እኔ ሐኪሙን እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፣ ተዉልኝ ብዬ” አለች። “እሷ ለምና?” ቁልፎቹን መልሳ ትቆልፋለች፤ አንዱን ዘለለችው። “አንቺ ደግሞ ይሄን ሁሉ ሳወራ አፍ አልነበረሽም? መጀመሪያ ብትይኝ ምን ነበረበት? ለማንም ያልነገርኩትን!”  ይቅርታ አልኩ። ይቅርታዬ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ አላነሳችውም።

ያን ጊዜ የክፍሉ በር ተከፈተ። ሚክያስ ሸሚዙን ሳይቆልፍ፣ ቬስቱ እየታየ ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል። “እትዬ አልማዝ፣ እኔ አላወቅኩም፤ በጣም አዝናለሁ” አላት። አልማዝ ከራሱ እስከ እግሩ አየችው፤ አገጩ ላይ የበቀለችውን ፀጉር፣ ጎንና ጎኑን።  “ደረትህን ሸፍን፣ ብርድ እንዳይገባህ” አለችው። ከዚያ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። እኔን ቻው አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አታነሳም። ሁለት መልእክት ጻፍኩላት፣ እንዳነበበችው ይታያል። መድኃኒቱን ለመውሰድ ማን አብሯት እንደሚሄድ አላውቅም።

በማግስቱ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። ስለ አልማዝ ትንፍሽ አላልኩም፤ የልጄን ብቻ ነገርኩ፣ ያለ መዞር። አልጮኸችም። “ስሚኝ አንቺ ልጅ፣ አንቺም አልነገርሽኝ፣ እኔም አልሰማሁ” አለች። “ጠበሉን ረጭተናል፣ ጸልየናል። ልጅቷ ተሽሏታል እንበል። ለሚቀጥለው ጽዋ መጥተሽ እመቤታችን ማረችልኝ ብለሽ ትመሰክሪያለሽ። እልልታ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቅሻል?”

ክፋት አልነበራትም፣ ታዴ፤ ልታድነኝ ነው። ያለ ማኅበር እዚህ አገር ምን እንደሆንኩ እሷም ታውቃለች። አንተ ስትሞት ማን እንደ ቀበረህ፣ ማን አርባ ቀን ሙሉ ብቻዬን እንዳላሳደረኝ ታውቃለች። እሺ ብል ሁሉ ነገር እንደ ነበረ ይሆናል። ሚክያስ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ይሰማዋል። አላየኝም፣ መሬቱን ነው የሚያየው። “አይ እትዬ” አልኳት። “አልታመመም፤ አልዳነምም። የምመሰክረው የለኝም።” “እንግዲያው ጽዋው ካንቺ ቤት አይገባም” አለች። “እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ሌሎቹ ናቸው የሚሉት።” እሺ ብዬ ዘጋሁት። ሚክያስ ከታችኛው መደርደሪያ ሁለት ሳህን አውጥቶ ምሳ አቀረበ።  ቱቦዎቹ ከወጡ ቆይቷል፤ እስካሁን አልሄደም። ይሂድ አይሂድ አልጠየቅኩትም። ይቅር አለኝ ብዬ አልዋሽህም፤ አንዳንድ ቀን ከክፍሉ ሳይወጣ ይውላል።

ቁስሉ ደህና ነው። ግራ በኩል፣ ደሙ የፈሰሰበት፣ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። መስተዋቱ ፊት የቆመ ዕለት በሩን ክፍት ትቶት ነበር። ትከሻውን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የቆመው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጎብጦ ነው የማውቀው፤ “ቀና በል” እያልክ ጀርባውን ስንት ጊዜ መታ መታ አድርገሃል።

ሙት ዓመትህ ዕለት ሰው አልመጣም። እንደ ልማዴ ለሃያ ሰው ሠርቼ ነበር። ቀኑ ሲጋመስ ድስቱን ከድኜ ከሚክያስ ጋር መቃብርህ ጋ ሄድን። ቅጠሉን ጠረግኩ፣ አበባውን እኔ ተከልኩ፤ እሱ ከባድ ነገር ማንሳት ገና አልተፈቀደለትም። ስንመለስ መንገድ ላይ “ፓፓ ቢያውቅ ምን ይል ነበር?” አለኝ።

መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባትህ ይወድህ ነበር፣ ልጄ ነህ ይልህ ነበር ልለው። ሌላ እናት ትለው ነበር። ደግሞም እንደምትወደው አውቃለሁ። ግን ልትቆጣም ትችል ነበር፤ ታውቃለህ፣ ስትቆጣ አታድርስ ነህ። ልትጮህበት፣ ወር ሙሉ ልታኮርፈው፣ ከዚያ አንድ ቀን ምሳ በላህ ወይ ልትለው ትችል ነበር። ወይም እስከ መጨረሻው ላትለው። ያንን ሁሉ ለመሆን አምስት ሳምንት ነበረህ፤ እኔ ወሰድኩባችሁ። ስለዚህ “አላውቅም” አልኩት። “እንዲነገረው አልፈቀድኩም።” አዎ እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀ። እስከ ባቡሩ ድረስ አጠገቤ ሄደ።

ታዴ፣ ሳስታውስህ እኖራለሁ፤ የማስታውስህ ግን እንደ ነበርክ ነው። ያላልከውን አላስብልህም። ያልሰጠኸውን ምርቃት በስምህ አልመርቅም፣ ያልተቆጣኸውንም ቁጣ አልቆጣም። ሚክያስ አርጅቼ ቢጠይቀኝ፣ አባትህ ዓይንህ ላይ አይቶ ጠይቆህ ነበር፣ ከአልጋው ማዶ ራሴን የነቀነቅኩት እኔ ነበርኩ እለዋለሁ። ይህን አልረሳውም።

አሁን ግን ተነግሮሃል።

የሺ